የአትክልትና የእንቁላል ዳምፕሊንግ በእንፋሎት፦ ከሊጡ እስከ ማጥቀሻው

ዳምፕሊንግ፣ ማለትም መሙያው በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚበስለውን ምግብ፣ ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስቡ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቃቸው አጠቃለሉ ነው። ሽብሽቡ ያምር ይሆን? እሳት ላይ ሳለ ይከፈት ይሆን? እጅ ግን በልምድ ይፈታል። ደግሞም ቅርጹ ያላማረ ዳምፕሊንግ ጣዕሙ አይጎድልም። ከቅርጹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ውኃው ነው። ሊጡ የሚቦካበት ውኃ ምን ያህል የሞቀ ነው? አትክልቱ የሚያወጣው ውኃ ወዴት ይሄዳል? ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ የሚንጠባጠበውስ? ይህን ከያዛችሁ አብዛኛው ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ቻይናውያን ይህን ምግብ ጂያኦዚ ይሉታል። በተለይ በሰሜን ቻይና በባህላዊው የዘመን አቆጣጠር የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሲሆን ቤተሰቡ ጠረጴዛ ከቦ እያወራ ይጠቀልላል። ታሪኩም ረጅም ነው። በሰሜን ምዕራብ ቻይና በሺንጂያንግ፣ ቱርፋን ከተማ አካባቢ ባሉት የአስታና መቃብሮች ውስጥ ከታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ618 እስከ 907) የቆየ፣ ደርቆ የቀረ ጂያኦዚ ተገኝቷል። የግማሽ ጨረቃ ቅርጹ ከዛሬው ብዙም አይለይም። ሥጋ የሌለው፣ በእንቁላልና በቅጠል ብቻ የሚሞላው ዓይነት እዚያ የተለመደ የቤት ምግብ ነው። እኔም ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልገው

ይህ መጠን ወደ 30 ዳምፕሊንግ ይወጣዋል። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ይበቃል።

ለሊጡ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 120 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ፣ 50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ አንድ ቁንጥር ጨው እና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት።

ለመሙያው 4 እንቁላል፣ 250 ግራም ጥቅል ጎመን፣ አንድ ትንሽ ካሮት፣ 100 ግራም እንጉዳይ፣ አንድ እፍኝ የቀይ ሽንኩርት ቅጠል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ዝንጅብል፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው (ለሁለት ተከፍሎ) እና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ። ሶያ ሶስ በራሱ ጨዋማ ስለሆነ ጨው ላይ እጃችሁን ያዝ አድርጉ።

ሊጡ፦ ለምን በፈላ ውኃ?

ተቀቅሎ ለሚበላ ዳምፕሊንግ ሊጡ በቀዝቃዛ ውኃ ይቦካል። በእንፋሎት ለሚበስል ግን በፈላ ውኃ ማሸት ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የስንዴ ስታርች ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ ሲሞቅ ያብጣል፤ ብዙ ውኃም ይይዛል። ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚስበው ግሉተን ደግሞ በሙቀቱ ይዳከማል። ስለዚህ ሊጡ ስትዳምጡት ተመልሶ አይሰበሰብም። ስስ ሆኖ ይዘረጋል፤ በእንፋሎት ሲበስልም ልስልስ ይላል። በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ የቦካ ሊጥ እንፋሎት ላይ ሲወጣ ጠንከርና ደረቅ ይላል፣ በተለይ ጠርዙ። ሁሉንም በፈላ ውኃ ካደረጋችሁት ደግሞ ሊጡ ይለሰልሳል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ሲጠቀለልም ቅርጹን አይይዝም። ሁለቱን መቀላቀል ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ዱቄቱንና ጨውን ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉ። ውኃው በደንብ እየፈላ ሳለ ከእሳት አውርዳችሁ ወዲያውኑ በቀጭኑ አፍስሱ። በአንድ እጅ እያፈሰሳችሁ በሌላው በሹካ ወይም በማንኪያ እጀታ አማስሉ። ውኃው አንድ ቦታ ብቻ እንዳይወርድ ሳህኑን ዞር ዞር አድርጉት። በዚህ ጊዜ እጃችሁን አታስገቡ፤ ያቃጥላል። ዱቄቱ ትናንሽ ጓል መሥራት ሲጀምር ቀዝቃዛውን ውኃና ዘይቱን ጨምሩ። ቀዝቃዛውን በአንዴ አትገልብጡት። ዱቄት ሁሉ እኩል ውኃ አይጠጣም፤ መጨረሻ ላይ የምትቀረው ማንኪያ ውኃ ላታስፈልግም ትችላለች።

እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ 5 ደቂቃ ያህል እሹት። መጀመሪያ ላይ ሸካራ ይሆናል። አትደንግጡ፣ ዱቄትም አትጨምሩበት። ከድናችሁ 10 ደቂቃ ተዉትና እንደገና ሁለት ደቂቃ እሹት። ያን ጊዜ የማታውቁት እስኪመስላችሁ ድረስ ይለሰልሳል። ልኩን ለማወቅ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጉት፤ የጆሮን ጫፍ ስትይዙ የሚሰማችሁን ያህል ለስላሳ ከሆነ ደርሷል። በእርጥብ ጨርቅ ወይም በተገለበጠ ሳህን ከድናችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ አሳርፉት። ይህችን ዕረፍት አትዝለሉ። ሊጡ ተዳምጦ ስስ የሚሆነው ካረፈ ብቻ ነው። በዚያ ላይ መሙያውን የምትሠሩበት ጊዜ ታገኛላችሁ።

መሙያው፦ ውኃውን ቀድማችሁ አውጡት

ከእንቁላሉ ጀምሩ፤ መቀዝቀዝ አለበትና። አራቱን እንቁላል ሰብራችሁ በደንብ ምቱ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ አሙቁና እንቁላሉን ጨምሩ። ጨምራችሁ ዝም አትበሉ። በሹካ ወይም አንድ ላይ በተያዙ ሦስት አራት ቾፕስቲኮች ያለማቋረጥ በፍጥነት አማስሉ። እየረጋ ሲሄድ እየተፈረፈረ ደቃቅ ይሆናል። ፍርፋሪው ከሩዝ ፍሬ ብዙም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሲረጋ ወዲያው አውርዱት፤ ቡናማ እስኪሆን አትጠብቁ። ከዚያ በሰፊ ሳህን ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ።

ጥሬ እንቁላል ለምን አይገባም? ጥሬው ፈሳሽ ስለሆነ ሊጡን ያረጥባል፣ ስትጠቀልሉም ይንሸራተታል። ቀድሞ የበሰለው ፍርፍር ግን አትክልቱ የሚያወጣውን ጭማቂ ይመጥጣል። ዳምፕሊንጉ ሲገመጥ ጣዕሙ እዚያው የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅል ጎመኑን በጣም አድቅቃችሁ ክተፉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁ በእጅ አሸት አሸት አድርጉና 15 ደቂቃ ተዉት። ጨው ውኃውን ስቦ ያወጣዋል። ቀጥሎ ንጹሕ የሆነ ስስ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ጠቅልሉና እየጠመዘዛችሁ ጭመቁት። እዚህ ላይ ጉልበታችሁን አትቆጥቡ። አንዴ ጨምቃችሁ፣ ፈታታችሁ፣ አገላብጣችሁ ድገሙት። በሁለተኛው ጊዜ የሚወጣው ውኃ ብዙ ሰው ያስገርማል። ያ ሁሉ ውኃ መሙያው ውስጥ ቢቀር ኖሮ የዳምፕሊንጉን ሆድ ነበር የሚቀደው። የተጨመቀው ጎመን ስትለቁት እንደ ታመቀ ይቆያል፤ በጣታችሁ ትበታትኑታላችሁ።

ካሮቱን በደቃቁ መፈቅፈቂያ ፈቅፍቁት። በቀረው አንድ ማንኪያ ዘይት ሁለት ደቂቃ ያህል አቁላሉት። የካሮት ቀለም በዘይት ስለሚሟሟ መሙያው ሁሉ ደስ የሚል ወርቃማ መልክ ይይዛል። ጣፋጭነቱም ይወጣል። እንጉዳዩን ደግሞ አድቅቃችሁ ክተፉና ያለ ዘይት ደረቅ መጥበሻ ላይ አድርጉት። መጀመሪያ ውኃውን ይለቃል፣ ቀጥሎ ውኃው ተንኖ ያልቃል። ድምፁ ሲቀየርና መጥበሻው ሲደርቅ አውርዱት።

እንጉዳይ ካልወደዳችሁ ተዉት። በምትኩ ቆስጣ ወይም ስፒናች ለአንድ ደቂቃ በፈላ ውኃ ነክራችሁ፣ ቀዝቀዝ ሲል ጨምቃችሁና ከትፋችሁ መጠቀም ይቻላል። ዝኩኒም ይሆናል፤ እንደ ጎመኑ ተፈቅፍቆ፣ በጨው ተይዞ፣ ተጨምቆ። ቲማቲም ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከምንም በላይ ውኃ ነው።

የሽንኩርት ቅጠሉ ላይ ሌላ ዘዴ አለ። ይህን አትጨምቁትም፣ አታቁላሉትም። አድቅቃችሁ ከከተፋችሁት በኋላ ለብቻው በሰሊጥ ዘይቱ እሹት። ዘይቱ ቅጠሉን ይሸፍነዋል፤ ጨው በቀላሉ አያገኘውም፣ ውኃውንም ቶሎ አይለቅም። ቅጠሉ አረንጓዴነቱን እንደያዘ ይበስላል። መዓዛውም አይሞትም።

አሁን ቀላቅሉ። የቀዘቀዘው እንቁላል፣ ጎመኑ፣ ካሮቱ፣ እንጉዳዩ፣ ዝንጅብሉና ቁንዶ በርበሬው አንድ ላይ ይሁኑ። በዘይት የታሸው ቅጠል ከላይ ይግባ። ሶያ ሶሱንና የቀረውን ጨው ግን ለጊዜው አቆዩት። የሚገቡት ሊጡ ተዳምጦ ለመጠቅለል ስትቀመጡ ነው። ቀደም ብላችሁ ካስገባችኋቸው ሳህኑ ሥር ፈሳሽ ተጠራቅሞ ታገኛላችሁ።

ይህን መሙያ ለጀማሪ የመረጥኩበት ምክንያት እዚህ ጋ ነው። ጥሬ ሥጋም ጥሬ እንቁላልም የለበትም። ስለዚህ ከመጠቅለላችሁ በፊት በማንኪያ ቅመሱት። ጨው አነሰው? ዝንጅብል ጎደለው? እዚያው ታስተካክላላችሁ። የሥጋ መሙያ ይህን ዕድል አይሰጥም። በተጨማሪም የማብሰያውን ጊዜ የሚወስነው ሊጡ ብቻ ነው፤ ውስጡ በሰለ ወይስ አልበሰለም ብላችሁ አትጨነቁም። ስትቀምሱት ትንሽ ጨመር ያለ ጨው ይኑረው። ሊጡ ጨው ስለሌለው ማለት ይቻላል፣ አብረው ሲበሉ ይመጣጠናሉ።

መዳመጥና መጠቅለል

ያረፈውን ሊጥ ለሁለት ክፈሉ። አንዱን ጨርቅ ሥር መልሱት። ሌላውን በመዳፋችሁ እያንከባለላችሁ እንደ ወፍራም ገመድ አርዝሙትና 15 ቁራጭ አድርጋችሁ ቁረጡት። እያንዳንዱ 15 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሚዛን ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መዝኑ፤ ከዚያ ዓይናችሁ ራሱ ይለካል። ቁራጮቹን ድቡልቡል አድርጋችሁ በመዳፍ ጠፍጠፍ አድርጓቸው።

አዳመጡ እንዲህ ነው። ጠፍጣፋውን ሊጥ በግራ እጃችሁ ጠርዙን ያዙ። በቀኝ እጃችሁ ትንሽ መዳመጫ ይዛችሁ ከጠርዝ ወደ መሐል ግፉ። መሐሉ ላይ ሳትደርሱ መልሱት። ሊጡን ትንሽ አዙሩና ድገሙት። ግፉ፣ መልሱ፣ አዙሩ። ሁለት ዙር ሲያልቅ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጠርዙ ስስ፣ መሐሉ ወፈር ያለ ክብ ታገኛላችሁ። የመሐሉ ውፍረት መሙያውን ይሸከማል። ጠርዙ ሲታጠፍ እጥፍ ስለሚሆን ስስ መሆን አለበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ውፍረት ካለው ጠርዙ ሊጥ ሊጥ ይላል።

ለመዳመጫ የሚነሰነሰው ዱቄት በጣም ጥቂት ይሁን። ዱቄት የበዛበት ጠርዝ አይጣበቅም። የተዳመጠውንም ብዙ አታከማቹ። አምስት ስድስት ዳምጡ፣ ጠቅልሉ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ሰው ካላችሁ አንዱ ይዳምጥ፣ ሌላው ይጠቅልል።

አንድ ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ መሙያ መሐል ላይ አስቀምጡ። የበለጠ ለመጨመር ትፈተናላችሁ፤ ተዉት። ሊጡን ለሁለት አጥፉና መሐሉን ብቻ ቆንጥጡ። ከዚያ ከአንዱ ጎን ጀምራችሁ ወደ እናንተ ያለውን ጠርዝ ሦስት ጊዜ ሸብሸብ እያደረጋችሁ ከጀርባው ጋር አጣብቁ። በሌላውም ጎን እንዲሁ። ሽብሽቡ ሁሉ ወደ መሐል ይመልከት። እንዲህ ሲሆን ዳምፕሊንጉ ትንሽ ይጎብጥና ሆዱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሽብሽቡ አልሆን ካላችሁ ጠርዙን ዝም ብላችሁ ግጠሙት። ግማሽ ጨረቃም ዳምፕሊንግ ነው።

የማይታለፈው ነገር አየሩን ማስወጣት ነው። የመጨረሻዋን ክፍተት ከመዝጋታችሁ በፊት መሙያውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። ውስጥ የቀረ አየር በሙቀት ይለጠጣል፤ መውጫ ሲያጣ በደካማው ስፌት በኩል ይወጣል። እሳት ላይ የሚከፈት ዳምፕሊንግ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ቤት የተቦካ አዲስ ሊጥ ያለ ውኃ ይጣበቃል። ተዘጋጅቶ የተገዛ ሽፋን ከሆነ ግን ጠርዙን በእርጥብ ጣት ዙሩት። የጠቀለላችኋቸውን ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ሳይነካኩ ደርድሩና በጨርቅ ሸፍኗቸው።

እንፋሎቱ

ድስቱ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ አድርጉ። ውኃው ሲፈላ ዳምፕሊንጉን እንዳይነካው ከመደርደሪያው ዝቅ ይበል። የእንፋሎት ድስት ባይኖራችሁም ችግር የለም። ሰፊ ድስት ውስጥ ትንሽ የብረት ጎድጓዳ ሳህን ደፍታችሁ በላዩ ሙቀት የሚችል ዝርግ ሳህን ብታስቀምጡ ይሠራል። እግር ያለው የብረት ማጥለያም ይሆናል። ዋናው ክዳኑ ገጥሞ መዘጋቱ ነው።

መደርደሪያው ላይ የጎመን ቅጠል አንጥፉ። ጎመኑን ስትገዙ የውጭውን ቅጠል ያልጣላችሁ እንደሆነ አሁን ጥቅሙን ታያላችሁ። የመጋገሪያ ወረቀትም ይሆናል፤ እንፋሎቱ እንዲያልፍ በሹካ በሳሱት። ምንም ከሌለ ዘይት ቀቡት። ደረቅ ብረት ላይ የተቀመጠ ዳምፕሊንግ ሲነሣ ቆዳው እዚያው ይቀራል። በመካከላቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ ስለሚያብጡ ከተነካኩ ይጣበቃሉ።

ውኃው ገና ሳይፈላ ዳምፕሊንጉን አታስገቡ። ለብ ባለ እንፋሎት የሚጀምር ሊጥ ይረጥባል፣ ይጨማደዳልም። በኃይል ሲፈላ አስገቡና ክደኑ።

ክዳኑ የብረት ወይም የመስታወት ከሆነ እንፋሎቱ ክዳኑ ሥር ወደ ውኃ ተመልሶ ዳምፕሊንጉ ላይ ይንጠባጠባል። ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሙጫ ይመስላል። መፍትሔው ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ መጠቅለል ነው። የጨርቁን ጫፎች ወደ ላይ ሰብስባችሁ እጀታው ላይ እሰሯቸው፤ ወደ እሳቱ እንዳይወርዱ። የቀርከሃ የእንፋሎት ማብሰያ ይህ አያስፈልገውም። ክዳኑ ራሱ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ትርፉንም በሽመናው መሐል ያስወጣል።

በከፍተኛ እሳት 8 ወይም 9 ደቂቃ ይበቃል። የምትኖሩበት ቦታ ከፍ ያለ ከሆነ ጨመር አድርጉ። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በ2,400 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንፋሎቱም ከዚያ አይበልጥም። እዚያ ላይ 11 ደቂቃ ስጡት። በመሐል ከፍታችሁ አትዩ።

የበሰለ ዳምፕሊንግ በመልኩ ይታወቃል። ነጭና ደብዛዛ የነበረው ሊጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። የቅጠሉ አረንጓዴና የካሮቱ ቀለም ከሥሩ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ሽብሽቡ ላይ የዱቄት ንጣት ከቀረ አንድ ደቂቃ ጨምሩለት። እሳቱን አጥፍታችሁ አንድ ደቂቃ ጠብቁና ክዳኑን ከፊታችሁ አርቃችሁ ክፈቱ፤ እንፋሎት ከፈላ ውኃ ባልተናነሰ ያቃጥላል።

ማጥቀሻው

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ጥቂት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት፣ አንድ ፍንካች የተጨቀጨቀ ነጭ ሽንኩርት። ማቃጠል ከፈለጋችሁ የደቀቀ ሚጥሚጣ ወይም ቃሪያ። ቻይናውያን የሚወዱት ጥቁሩን የሩዝ ኮምጣጤ ነው፤ የዤንጂያንግ ከተማው በጣም የታወቀ ነው። ለስለስ ያለና ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ነው። ነጩን ኮምጣጤ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ቁንጥር ስኳር ጨምሩበት።

የተረፈውን ማቆየት

ለሌላ ቀን የምታስቀምጡ ከሆነ ጥሬውን፣ ያውም ጠቅልላችሁ እንደጨረሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር አይበጅም፤ እስኪነጋ ሊጡ ከሥሩ ይረጥባል። ትሪ ላይ ሳይነካኩ ደርድራችሁ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክሩ ጠብቁ። ከዚያ ወደ ላስቲክ ከረጢት ሰብስቧቸው። እንዲህ ሲሆን የፈለጋችሁትን ያህል እየቆጠራችሁ ታወጣላችሁ። በአንድ ወር ውስጥ ብትጨርሷቸው ጣዕማቸው አይጓደልም። ልታበስሏቸው ስትሉ በረዶው እንዲለቃቸው አትጠብቁ፤ እንደ ቀዘቀዙ የሚፈላው ውኃ ላይ አውጥታችሁ 12 ወይም 13 ደቂቃ ስጧቸው።

የበሰለው ከተረፈ ተከድኖ ፍሪጅ ይግባ፤ በማግስቱ ይበላ። በእንፋሎት ሦስት አራት ደቂቃ ቢሞቅ እንደ አዲስ ይለሰልሳል። እኔ ግን ለተረፈው መጥበሻውን እመርጣለሁ። ጥቂት ዘይት፣ መካከለኛ እሳት፣ ሆዱ ወደ ታች። ሳታገላብጡት ሥሩ ቡናማ ሆኖ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ተዉት።